ምንም የለበትም

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሐሜቴን ነግሬያቸዋለሁ። ቁጣዬን፣ ስንፍናዬን፣ ያፈረስኩትን ጾም ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። "ሌላስ ልጄ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም አባ" እላለሁ። መስቀል ተሳልሜ እወጣለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ "ሌላ የለም" አልኩ።

ዛሬ የምጽፈው ድፍረት አግኝቼ አይደለም። መርሳት ስለጀመርኩ ነው። ሳልናዘዘው እንዳልረሳው ፈራሁ። የሠራው ሰው የረሳው ኀጢአት ወዴት ይሄዳል? ይጠፋል? አይመስለኝም። ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ቤቴ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ነው። ሥራዬ ግን ከወንዙ ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር፤ ጡረታ የወጡ ሰዎች በሚኖሩበት ሰፊ ግቢ። መጀመሪያ ምሳ አቀርብ ነበር፤ ኋላ ወደ መዝናኛ ክፍል አዛወሩኝ። ለዚያ ሥራ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ልጄን ቤቲን ያለ አባት ያሳደግኩት፣ አስሟንም ያሳከምኩት በዚያ ሥራ ኢንሹራንስ ነው። ይህን ያነሳሁት ለምስጋና ነው። ኋላ ላይ ላመካኝበት ብሞክር አትመኑኝ።

ሚስ ኢዲት የሚባሉ ሴት እዚያ ይኖሩ ነበር። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ባል ሞቶባቸዋል። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። በወር አንድ ቀን ነዋሪዎቹን በቫን እየጫንን የየአገሩን ምግብ ወደሚሸጡ ሬስቶራንቶች እንድንወስዳቸው ያሰቡት እሳቸው ናቸው። "እግሬ ቢከዳኝ በአፌ ዓለምን እዞራለሁ" ይሉ ነበር።

ሬስቶራንቱን የሚፈልጉት እሳቸው፣ አስቀድሜ ሄጄ የማየው እኔ ነበርኩ። ደረጃ አለው ወይ? መጸዳጃ ቤቱ ዊልቸር ያስገባል ወይ? ምግቡ ውስጥ ምን ይገባል? እንዲህ እያልን ከግቢው በር ሁለት መንገድ አልፎ ካለው የሳልቫዶሮች ቤት ተነሳን። አናንዴል ሄደን ኮሪያዎቹ ጠረጴዛው ላይ የሚጠብሱትን በላን። ሄርንደን የሕንድ፣ አሌክሳንድሪያ የአፍጋን። እኔ የአዲስ አበባ ሴት፣ በአንድ ግቢ አሮጊቶች ምክንያት የማላውቀውን ሁሉ ቀመስኩ።

ሚስ ኢዲት አረንጓዴ ደብተር ነበራቸው። የሄድንበትን ቤት ስም፣ የደረጃውን ብዛት፣ የበሉትን፣ የጠየቁትንና የተመለሰላቸውን ይጽፉበታል። ኦቾሎኒ ይገድላቸዋል፤ አለርጂ ነው። ለዚህ የሚሆን መርፌ ከቦርሳቸው አይለይም። የትም ብንገባ፣ ሹካ ከማንሳታቸው በፊት በሌባ ጣታቸው ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው "አስካ፣ ኦቾሎኒ አለበት?" ይሉኛል። እኔም አስተናጋጁን ጠይቄ እመልሳለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቁኝ ቀርተው አያውቁም። ይህን ያዙልኝ።

ሌላም ውለታቸው አለብኝ። ለዜግነት ፈተና ስዘጋጅ በምሳ ሰዓቴ ያስጠኑኝ እሳቸው ናቸው። መቶ ጥያቄ ነው። መቶውንም ጠየቁኝ፤ ደግመው ደጋግመው። መልሱ ሲጠፋኝ አይቆጡም፤ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው ዓይን ዓይኔን እያዩ ይጠብቃሉ። "ታውቂዋለሽ" ይላሉ። አልፌ ስመጣ ከእኔ ይልቅ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው።

"ያንቺን አገር ምግብ መቼ ነው የምታበይን?" ይሉኝ ነበር። "በእጅ ስንበላ እንዳናሳፍርሽ ነው?"

"እኔ እንኳ የፈራሁት ሹካ አምጡ ብለው እንዳያሳፍሩኝ ነው" አልኳቸው። በጣም ሳቁ።

ወሩ ደረሰ። ፍልሰታ ነበር። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። አሌክሳንድሪያ፣ ከቤቴ የማይርቅ አንድ የሐበሻ ቤት መረጥኩ። ሳምንት ቀድሜ ሄጄ ወጡን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ ኦቾሎኒ የሚባል ነገር አልነበረበትም። የጠየቅሁት ግን ስለሚበላው ብቻ ነው። ስለሚጠጣው መጠየቅ ትዝ አላለኝም።

በየዓይነቱ ቀረበ። እንጀራውን በጣታቸው እያጣጠፉ እየሳቁ በሉ። ምግቡ ሲነሳ ሚስ ኢዲት አጠገባችን ያለው ጠረጴዛ ላይ አረፋው የተከመረ ማኪያቶ አይተው እሱን ፈለጉ። ወተት ሆዳቸውን ስለሚነፋቸው አስተናጋጇን ጠራኋት።

"የጾም ማኪያቶ አላችሁ?"

"ሞልቶ እናቴ!"

"ምንም የለበትም አይደል?"

"ኧረ ምንም የለበትም! በፍልሰታ ደግሞ ምን ልንጨምርበት?" ብላ ሳቀችብኝ።

ማኪያቶው መጣ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የሌላ አዛውንት መደገፊያ ከወንበር እግር ላላቅቅ ጎንበስ ብያለሁ። ከኋላዬ ጠረጴዛው ሁለት ጊዜ ሲመታ ሰማሁ።

"አስካ፣ ኦቾሎኒ አለበት?"

ቀና ሳልል መለስኩ። "ምንም የለበትም። የጾም ነው።"

እናንተ ይህን ቃል ታውቁታላችሁ። በእኛ አፍ "ምንም የለበትም" ማለት ወተት የለበትም፣ ቅቤ የለበትም ማለት ነው። ጾመኛ ሌላ ምን ይፈራል? ግን የጾም ወተት ከምን እንደሚወጣ አላውቅም ነበርን? አውቃለሁ። ኦቾሎኒ ተፈጭቶ፣ ተጠልሎ ነው። እኔ ራሴ በሁዳዴ የኦቾሎኒ ሻይ እያፈላሁ ልጄን አሳድጌያለሁ። አንዴ ፉት ብዬለት ቢሆን ኖሮ ጣዕሙ ይነግረኝ ነበር። አልቀመስኩም፤ ጾመኛ ነኛ!

ግማሹን ጠጡ። በአረንጓዴው ደብተር ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ከዚያ ከንፈራቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ።

መርፌውን ከቦርሳቸው አውጥቼ ታፋቸው ላይ የወጋሁት እኔ ነኝ። አምቡላንስ መጣ። ሲወስዷቸው ፊታቸው የሳቸው አይመስልም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ። መነጽራቸውንና ደብተራቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ በቦርሳዬ ከተትኩ። ያኔ በክፋት አልነበረም። እንዳይጠፋባቸው ብዬ ነው።

እስከዚህ ያለው ስህተት ነው። ስህተቱን አይደለም የምናዘዘው። ሰው ይሳሳታል። ዕለቱን ሮጬ "እኔ ነኝ" ብል ኖሮ ይህን ወረቀት አልጽፍም ነበር።

በማግስቱ አለቃዬ ፓም ቢሮዋ ጠራችኝ። ሬስቶራንቱ ዘንድ ደውላ ኖሮ፣ ባለቤቱ "የጾም ወተቱ ከኦቾሎኒ እንደሆነ ለጠየቀን ሁሉ እንነግራለን፤ ማኪያቶው ኦቾሎኒ አለበት ወይ ብሎ የጠየቀን ሰው ግን የለም" ብሏታል። እውነቱን ነው። ፓም ክፉ ሴት አይደለችም። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ።

"ሚስ ኢዲት ጠይቀውሽ ነበር?"

"አልጠየቁኝም" አልኩ።

አላሰብኩበትም። ሳላስበው ወጣ። ግን ከወጣ በኋላ ለመመለስ ጊዜ ነበረኝ። ፓም ጻፈችው፤ ስትጽፍ አየሁ። ከቢሮዋ እስከ መኪናዬ ድረስ ጊዜ ነበረኝ። እስከ ድልድዩ፣ እስከ ቤቴ ጊዜ ነበረኝ። ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ፤ የቤቲ ኢንሹራንስ እንዳይቋረጥ ፈራሁ። ይኸው፣ ላመካኝ ነው። አትመኑኝ ብያለሁ።

ሚስ ኢዲት በአምስተኛው ቀን ተመለሱ። ልጃቸው ኤለን ከሩቅ ስቴት መጥታለች። በፓም ቢሮ ሰበሰቡን።

"ጠይቄያታለሁ" አሉ ሚስ ኢዲት፣ ገና በሻከረ ድምፅ። "ሁልጊዜ እንደምጠይቃት ጠይቄያታለሁ። ምንም የለበትም አለችኝ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እሳቸው አልተቆጡም። ጣታቸው የወንበሩን እጀታ መታ መታ ሲያደርግ አየሁ። መቶውን ጥያቄ ሲያስጠኑኝ እንደሚጠብቁት ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠበቁኝ። ታውቂዋለሽ።

"አይ" አልኩ። "አልጠየቁኝም።"

ኤለን የእናቷን እጅ ያዘች። በቀስታ፣ ለልጅ እንደሚነገር፣ "እማዬ፣ ባለፈውም ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ ረስተሽዋል እኮ" አለቻቸው። እውነት ነው፣ አንድ ጊዜ ረስተዋል። የጸጉር ቀጠሮም አሳልፈዋል። ማን የማይረሳ አለ?

"ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ!" አሉ።

"ደብተሩስ የታለ?"

ሚስ ኢዲት ቦርሳቸውን ከፈቱ፤ ፈተሹ፤ ደግመው ፈተሹ። ደብተሩ ያን ሰዓት የት ነበር? እግሬ ሥር፣ በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። በቦርሳው ጨርቅ በኩል ጠርዙ ቁርጭምጭሚቴን ይነካኝ ነበር። መነጽሩን መልሼላቸው ደብተሩን ያልመለስኩት ለምን ነበር? አውቄ ነው። ከመጀመሪያው "አልጠየቁኝም" በኋላ ቤቴ ሄጄ ከፍቼዋለሁ። በዚያ በጠራ የአስተማሪ ጽሕፈታቸው ተጽፏል፦ ሁለት ደረጃ። መጸዳጃ ቤቱ ጥሩ። የጾም ማኪያቶ፤ አስካን ጠየቅኋት፣ ምንም የለበትም አለች።

እግሬን አልሰበሰብኩም። ቦርሳውንም አልከፈትኩም።

ኤለንና ፓም ተያዩ። ያ አስተያየት እስካሁን ይታየኛል። ሴትዮዋ ምንም የለባቸውም ነበር። አእምሯቸው ከእኔ ይልቅ ንጹህ ነበር። ምንም የለባቸውም ብሎ መመስከር የሚችል ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ።

ሦስተኛ ፎቅ ወሰዷቸው። ሦስተኛ ፎቅ መርሳት የያዛቸው የሚኖሩበት ነው። በሩ ቁጥር ካልተነካ አይከፈትም፤ ቁጥሩ ለነዋሪዎቹ አይነገርም።

እኔስ ምን አደረግኩ? ተሳልኩ። በኪዳነ ምሕረት ሥዕል ፊት ተንበርክኬ፣ "ይህ ነገር ሳይታወቅብኝ ካለፈ መጋረጃ አስገባለሁ" አልኩ። እመቤቴን የውሸቴ ዋስ ልትሆነኝ ለመንኳት። ነገሩም አለፈ። በየካቲት ኪዳነ ምሕረት መጋረጃውን ተሸክሜ ገባሁ። "እህታችን አስካለ ስለቷ ሰምሮላታል፣ እልል በሉ!" ተባለ። ምእመኑ እልል አለ። ማንም ስለቱ ለምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ወጉ አይደለም። ቤቲ ብቻ፣ መኪና ውስጥ፣ "ማሚ፣ ስለቱ ለምን ነበር?" አለችኝ። "ለጤና" አልኳት።

መጋረጃው አሁንም እዚያው ተሰቅሏል። በእሱ ትይዩ ቆሜ አስቀድሳለሁ።

የሬስቶራንቱ ጉዞ አልቆመም። ፓም ለእኔ ሰጠችኝ፤ ሚስ ኢዲት በሌሉበት ቤቱን የምመርጠው እኔ ሆንኩ። ጥሩ ሠራሽ ተብዬ በሰው ፊት ተጨበጨበልኝ። ቫኑ ሲነሳ ቀና ካልኩ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ቆመው አያቸዋለሁ። እጃቸውን አያወዛውዙም። ያያሉ ብቻ። ኋላ ኋላ ቀና ማለት ተውኩ።

ሰው ሲያንስ ግን ምሳ ይዤ እወጣ ነበር። ቁጥሩን እነካለሁ፤ በሩ ጮኾ ይከፈታል። ትሪውን ሳስቀምጥ ክንዴን ይይዙኛል።

መጀመሪያ ላይ፣ "ጠይቄሽ ነበር አስካ፤ ለምን?" ይሉኝ ነበር።

"አልጠየቁኝም ሚስ ኢዲት።"

ጥቂት ወር ቆይቶ፣ "ጠይቄሽ ነበር፣ አይደል?" አሉ።

"አልጠየቁኝም።"

በዓመቱ፣ "ጠይቄሽ ነበር እንዴ?" አሉ። ከልባቸው ነበር የሚጠይቁት። ሊያውቁ ነበር የፈለጉት። እኔም ሦስተኛ ጊዜ፣ አራተኛ ጊዜ፣ አሥረኛ ጊዜ "አልጠየቁኝም" አልኩ። በአንድ ቃል በየጊዜው እየጨለፍኩ የሰውን አእምሮ ባዶ አደረግኩ። ያ በሽታ ነበር ትሉኝ ይሆናል፤ ዕድሜ ነበር። ይሆናል። እኔ ግን ሲጨለፍ አይቻለሁ፤ ጭልፋው በእጄ ነበር።

አንድ ቀን ምሳቸውን አልነኩም። ጠረጴዛውን መታ መታ አላደረጉም። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"አሁን ገባኝ" አሉ። "ሳልጠይቅሽ ነው የጠጣሁት። ረስቼ ነው፤ ከዚያ አንቺን ወነጀልኩሽ። ልጅ ያለሽ ሴት ነሽ፤ ከሥራ ሊያስወጡሽ ይችሉ ነበር። ይቅር በይኝ አስካ።"

እዚያ ላይ ምድር ተከፍታ ልትውጠኝ ይገባ ነበር። አልተከፈተችም። በሩ ሩቅ አልነበረም፤ ደብተሩም ቤቴ ነበር፤ አፌም ምላስ ነበረው። በምሳ ትሪው ላይ ያለው ሾርባ እየቀዘቀዘ ሳለ እኔ ምን አልኩ?

"ይቅር ብዬዎታለሁ" አልኩ። "ምንም የለብዎትም።"

ስቀው እጄን ሳሙኝ። ቀለል አላቸው። በዚያ ክረምት ዐረፉ። በማያውቁት ጥፋት ተጸጽተው፣ በእኔ ይቅርታ ተጽናንተው ሞቱ። ሰው በደልኩ ብዬ ብቻ ባበቃ እንዴት በታደልኩ! የበደልኳቸውን ሴት እኔ ይቅር አልኳቸው።

አሁን ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቤቲ ነርስ ሆናለች፤ ጥሩ ልጅ ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው ወር መኪናዬን የት እንዳቆምኩ ጠፋኝና ኮል አደረግኩላት። መጥታ አገኘችልኝ። ቀጥሎ የሐኪም ቀጠሮዬን ነገርኳት። ቀኑ ሲደርስ፣ "ማሚ፣ ዩ ኔቨር ቶልድ ሚ" አለችኝ።

"ነግሬሻለሁ።"

"አልነገርሽኝም ማሚ።"

ከዚያ አየችኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ኤለን ፓምን ያየችው እንዲያ ነበር። ነግሬያታለሁ፤ እርግጠኛ ነኝ። እርግጠኛ ነኝ ወይ? ደብተር የለኝም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ሰጠችኝ። የጡረተኞች መኖሪያ ነው፤ በርክ አካባቢ። "ጀስት ሉክ ማሚ" አለች። "ዙሪያው ሬስቶራንት ሞልቷል። ኮሪያ በይ፣ ሕንድ በይ፤ የሐበሻም አለ። በወር አንድ ቀን በቫን ይወስዷችኋል።" ወረቀቱ ላይ ነጭ ጸጉር ያላቸው ሴቶች ጠረጴዛ ከብበው ይስቃሉ። ከሕንጻው ከፍ ብለው ያሉትን መስኮቶች ቆጠርኩ።

አላለቀስኩም። ይገባኛል። ምናልባት አንድ ቀን አንዲት አስተናጋጅ ክንዷን ይዤ የምጠይቃት ነገር ይኖረኛል፤ እሷም አይ ትለኛለች።

ስለዚህ ሳልረሳው ጻፍኩት። አረንጓዴው ደብተር ከዚህ ወረቀት ጋር ታስሯል። በመጪው እሑድ አባ "ሌላስ?" ሲሉኝ አለ እላቸዋለሁ። ከዚያ ሁለቱንም ለኤለን እልካለሁ። እናቷ ረስተው ሰው ወነጀሉ ብላ እንዳታስብ፤ ይልቁንም ማን እንደዋሸ እንድታውቅ። ትስደበኝ፤ ትክሰሰኝ። ይቅር በይኝ አልላትም። ይቅርታ የሚባለውን ቃል በሦስተኛ ፎቅ ላይ አርክሼዋለሁና በአፌ ልመልሰው አልደፍርም።

እናንተን ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ነገ እዚያ ብገባ፣ አእምሮዬም ቢከዳኝ፣ መጥታችሁ ስለ ሚስ ኢዲት ብትጠይቁኝ፣ ምናልባት "ምንም የለብኝም" እል ይሆናል። ምናልባት በአሮጊት ፈገግታ "አልጠየቁኝም" እላችሁ ይሆናል። እንዳታምኑኝ። ይህን ወረቀት እመኑ።

አለብኝ።

ጠይቀውኛል።